ስለ አንቲቦዲ ስትጽፉ እባካችሁ የትኛው እንደሆነ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሙያዬ የሕክምና ላብራቶሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስመረምር ነው የምውለው። የጤና ዓምዳችሁ አያመልጠኝም፤ ብዙ ጊዜም ወድጄው ነው የማነበው። አንድ አባባል ግን ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል፤ ዛሬ አላስችል ሲለኝ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ። «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል» የሚለው ነው። እንክብሉ ይጨምራል፣ ዱቄቱ ይጨምራል፣ ሽሮፑ ይጨምራል። የቱን ነው የሚጨምረው? ለየትኛው በሽታ? አይባልም። ባለፈው ደግሞ «ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው አንቲባዮቲክ» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። አንቲቦዲ ለማለት ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ይገባኛል። ግን አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ለመግደል የምንወስደው መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም። አንቲቦዲ ሰውነታችን የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያውንም፣ ቫይረሱንም፣ መርዙንም ይይዛል። ሁለቱ የተምታቱበት አንባቢ ነገ ጉንፋን ሲይዘው «መከላከያዬን ላግዘው» ብሎ አንቲባዮቲክ ቢውጥ አይፈረድበትም።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች በሁለተኛው ወር አንድ ማታ እያለቀሰች ደወለችልኝ። የደም ምርመራ አድርጋ ውጤቱን በወረቀት ሰጥተዋታል፤ ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሰው ግን የለም። ወረቀቱ «ቶክሶፕላዝማ፦ አይ-ጂ-ጂ ፖዘቲቭ፣ አይ-ጂ-ኤም ኔጋቲቭ» ይላል። ቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው፤ አይ-ጂ-ጂ እና አይ-ጂ-ኤም ደግሞ ሁለት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ናቸው። እሷ ያየችው «ፖዘቲቭ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ልጄ ገና ሳይወለድ ታመመ ብላ ራት እንኳ አልቀመሰችም። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ሌላ ነገር ነበር። ሰውነቷ ይህንን ተሕዋሲ ድሮ አግኝቶታል፣ አሸንፎታል፣ እስከ ዛሬም አልረሳውም ነው የሚለው። ለእርግዝናዋ መልካም ዜና ነበር። ይህን በስልክ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ስለ አንቲቦዲ ከዚያ በፊት የሰማችው ነገር «ይጨምራል» እና «ይቀንሳል» የሚል ብቻ ነው። እህቴ ደግሞ የተማረች ሴት ናት።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው።

አንቲቦዲ ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው ይመስላል። ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ሁለት ረጃጅም፣ ሁለት አጫጭር። ዋናው ነገር ያለው እጆቹ ጫፍ ላይ ነው። የጫፉ ቅርጽ ከአንድ ነገር ጋር ብቻ በደንብ ይገጥማል፤ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር እንደሚከፍተው ማለት ነው። የኩፍኝን ቫይረስ የሚይዘው የፖሊዮን አይዝም። የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የሚይዘው የዘጊ አናዳን መርዝ አያውቀውም። ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግ እና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በርሊን ውስጥ ሲሠሩ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ መርዝ እንዲላመድ ከተደረገ እንስሳ የተወሰደው የደም ፈሳሽ ሌላውን እንስሳ ከዚያው መርዝ እንደሚያድነው አሳዩ። ለመንጋጋ ቆልፍ የሆነው ለመንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ለዘጊ አናዳ የሆነውም ለዘጊ አናዳ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኘበት፤ ኪታሳቶ ለምን አብሮ እንዳልተሸለመ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እንግዲህ ከ130 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ስለ መከላከያ የምናወራው እንደ ባትሪ ሞላ ወይም ጎደለ እያልን ነው።

እና ያልታየ በሽታ ሲመጣ ሰውነት ቁልፉን ከየት ያመጣል? እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ዘረ-መሎች ወደ 20,000 ገደማ ናቸው። አንቲቦዲዎች ደግሞ ቅርጻቸው በቢሊዮን የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ አይገጥምም። እንቆቅልሹን የፈታው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ በ1987 ኖቤል የተሸለመውም ለዚሁ ሥራ ነው። አንቲቦዲ የሚሠሩት ሕዋሳት፣ ቢ-ሕዋስ የምንላቸው፣ መቅኒ ውስጥ ሲፈጠሩ የዘረ-መላቸውን ቁርጥራጭ እየቆረጡ በዕጣ ይገጣጥሙታል። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ የሆነ አንድ ገጠማ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የተለየ እጅ ይዞ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሽታው ከመምጣቱ በፊት ነው። ገና ያልተፈጠረ ቫይረስ እንኳ ምናልባት ዛሬ ሰውነታችሁ ውስጥ የሚገጥመው ሕዋስ አለ፤ ጥሪውን እየጠበቀ ይዞራል።

በሽታው ሲገባ ከነዚያ ሁሉ መካከል የሚገጥሙት ጥቂቶች ብቻ ይነቃሉ። ይባዛሉ። ከፊሎቹ ሥራቸው አንቲቦዲ ማምረት ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ሕዋስ በሴኮንድ እስከ 2,000 አንቲቦዲ ያወጣል። ግን እስኪባዙ ቀናት ይፈጃል፤ አዲስ በሽታ ሲይዘን ከመዳናችን በፊት ሳምንት ገደማ የምንተኛው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው አይ-ጂ-ኤም ነው። አምስት አንቲቦዲዎች ተያይዘው የሚሠሩት ስለሆነ አሥር እጅ አለው፤ እያንዳንዱ እጅ ጠበቅ አድርጎ ባይዝም በብዛቱ ያካክሳል። እስከዚያው አንገትና ብብት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ብዙ ሰው ንፍፊት ሲያይ ይደነግጣል፤ ውስጡ ግን ትልቅ ሥራ እየተሠራ ነው። ቢ-ሕዋሳቱ እዚያ ተሰብስበው የእጃቸውን ቅርጽ ጥቂት ጥቂት እየለዋወጡ ይወዳደራሉ፤ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ይቀጥላል፣ የላላው ይሞታል። ከዚህ ውድድር በኋላ የሚወጣው አይ-ጂ-ጂ ከመጀመሪያው አንቲቦዲ እጅግ የተሻለ ነው። ስለዚህ አይ-ጂ-ኤም አብዛኛውን ጊዜ «ሰሞኑን ነው» ሲል፣ አይ-ጂ-ጂ ብቻውን ሲታይ ደግሞ «ድሮ ነው» ይላል። የእህቴ ወረቀት የሚለው ይህንኑ ነበር። ሁለት መስመር ማብራሪያ ቢጻፍበት ኖሮ ያ ማታ ባልኖረ።

አንቲቦዲ ራሱ ገዳይ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ሥራው ለይቶ መያዝ ነው። የቫይረሱን መግቢያ ሸፍኖ ሕዋስ ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል። መርዙን ይዞ ነርቭ ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል። ባክቴሪያ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ባክቴሪያ ለሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት «ይሄ ነው» እያለ ይጠቁማል። ሌላም ጠሪ ሥራ አለው፤ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል። እነዚህ ከ30 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹን ጉበት ነው የሚሠራቸው፤ ደም ውስጥ ተኝተው ነው የሚዞሩት። ቤልጂየማዊው ዡል ቦርዴ በ1919 የተሸለመው በዋናነት ስለ እነሱ ባገኘው ነገር ነው። አንዱ ሲነቃ ቀጣዩን ይቆርጣል፣ ያኛው ሌላውን፣ በመጨረሻም ቀለበት ሠርተው የባክቴሪያውን ቆዳ ይበሱታል። የመጨረሻዎቹ የኮምፕሊመንት ክፍሎች ከውልደት የጎደሏቸው ሰዎች በማኒንጎኮክ ባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ደጋግሞ ይይዛቸዋል። ሌላውን አብዛኛውን በሽታ ግን እንደማንኛውም ሰው ይቋቋማሉ። ስለዚህ «መከላከያው ደካማ ነው» የሚባል ነገር እዚህም አይሠራም፤ የጎደለው አንድ ነገር ነው፣ የሚከፈተውም አንድ በር ነው።

እንባችንና ምራቃችን ውስጥ ያሉትን ተከላካይ ፕሮቲኖች ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ማንም አያመሰግናቸውም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ ዓመታት በፊት ጉንፋን ይዞት ሳለ የአፍንጫውን ንፍጥ ባክቴሪያ ባደገበት ሳህን ላይ ቢያደርገው ባክቴሪያው ሟሟ። በ1922 ላይሶዛይም ብሎ አሳወቀው፤ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው። እንባ ውስጥ በብዛት አለ። የእናት ወተት ውስጥ ደግሞ ላክቶፌሪን አለ፤ ብረትን ቀድሞ ይይዝና ባክቴሪያው እንዲራብ ያደርገዋል። ከእነሱ ጋር አይ-ጂ-ኤ የሚባለው አንቲቦዲ አለ፤ የአፍን፣ የአፍንጫን፣ የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ «ይጨምራል» ልመለስ። እውነት መከላከያችን በደፈናው ቢጨምር ምን ይሰማን ነበር? መልሱ ይታወቃል። ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አይዛክስ እና ሊንደንማን በ1957 ያገኙት ነው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ያወጣውና ለጎረቤቶቹ «በሩን ዝጉ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህንኑ ፕሮቲን ሐኪሞች ለጉበት ቫይረስ በሽተኞች ለዓመታት በመርፌ ሰጥተዋል። ከመርፌው በኋላ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አጥንቱን ይቆረጣጥመዋል፣ አንዳንዱ ከባድ ድባቴ ውስጥ ይገባል። ጉንፋን ሲይዘን የሚሰማን መድከም ራሱ በከፊል ከቫይረሱ ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነት ፕሮቲኖች የሚመጣ ነው። የምር መጨመር ማለት ይህ ነው። አንድ እንክብል ውጦ ምንም ያልተሰማው ሰው መከላከያው በደፈናው እንዳልጨመረ በዚህ ይወቅ።

ደግሞ ከልክ ያለፈውም ያለቦታው የሄደውም በሽታ ነው። አይ-ጂ-ኢ ለሆድ ትላትልና ለመሳሰሉት ጥገኛ ተሕዋስያን የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው፤ አቧራና የአበባ ብናኝን ጠላት ብሎ ሲይዝ ግን አለርጂና አስም ያመጣል። ማያስቴንያ ግራቪስ የሚባል በሽታ አለ፤ አንቲቦዲው ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚሰጥበትን ቦታ ይይዘዋል፤ የሰውየው የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ማኘክ ያቅተዋል፣ ሲብስም መተንፈስ። ይህ ሰው የጎደለው አንቲቦዲ የለም። የተሳሳተ ነገር የያዘ አንቲቦዲ ነው ያለው። «መከላከያህን የሚጨምር» ብላችሁ የምትመክሩት እሱንም ጭምር እኮ ነው!

በሌላው ጫፍ ጭራሽ የሌላቸው አሉ። በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ የ8 ዓመት ልጅ ለምን በየጊዜው በባክቴሪያ እንደሚታመም ግራ ገብቶት የደሙን ፕሮቲኖች በመሣሪያ ለየ። አንቲቦዲ የሚገኝበት ክፍል ባዶ ነበር። ከሌሎች ሰዎች ደም የተወሰደ አንቲቦዲ በመርፌ ይሰጠው ጀመር፤ ልጁ ተሻለው። ዛሬም ብዙ ሰዎች በዚህ ሕክምና ነው የሚኖሩት። ይህ ሕክምና መጠኑ የሚለካ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚታወቅ ነው። «ይጨምራል» የሚለውን ቃል ለዚህ ብትጠቀሙበት ቅር አይለኝም።

ማስታወሱስ? በ1846 የፋሮ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ገባ። ከ7,800 ገደማ ነዋሪ ወደ 6,000 የሚሆነው ታመመ። ሊመረምር የሄደው ወጣቱ ዴንማርካዊ ሐኪም ፒተር ፓኑም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ደሴቶቹ ከዚያ በፊት ኩፍኝ ያዩት በ1781 ነበር፤ ያኔ ታመው ከዳኑት ሽማግሌዎች መካከል እሱ እስካጣራው ድረስ አንድም ዳግመኛ የታመመ አልነበረም። ከ65 ዓመት በኋላ! መካከል ላይ አንድም ቀን ቫይረሱን አላገኙትም። የሚያመርቱት ሕዋሳት ከፊሎቹ መቅኒ ውስጥ ቁጭ ብለው ለአሥርት ዓመታት ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ትዝታውን ይዘው ይጠብቃሉ። ክትባት የሚሠራው ይህንን ትዝታ ያለ ሕመሙ በመስጠት ነው። ኩፍኝ ደግሞ የተለየ ክፋት አለው፤ ትዝታውን ራሱን ይሰርቃል። በ2019 የወጣ ጥናት ያልተከተቡ ልጆች ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጡ አሳይቷል። ስለ ሌሎች በሽታዎች ያወቁትን ማለት ነው፤ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ሳንባ ምች። ሰው «ኩፍኝ የልጅነት ነገር ነው፣ ያልፋል» ሲል ስሰማ ይህ ቁጥር ነው ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው። ስለ መከላከያ ገጽ ሙሉ ከምትጽፉ ይህችን አንድ አንቀጽ ብታወጡ ስንቱን በጠቀማችሁ።

ሰው ከሌላ ሰው ወይም ከእንስሳ የሚበደረው አንቲቦዲም አለ። እብድ ውሻ የነከሰው፣ እባብ የነደፈው ሰው የራሱ ሰውነት እስኪያመርት መጠበቅ ስለማይችል ተዘጋጅቶ የቆየው ይሰጠዋል። የአውስትራሊያው ጄምስ ሃሪሰን ደሙ ውስጥ በተገኘ አንድ ልዩ አንቲቦዲ ምክንያት እስከ 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ ለገሰ። የደም ዓይነታቸው አርኤች ኔጋቲቭ የሆነ እናቶች ሰውነት የፅንሱን ደም እንዳያጠቃ የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ደም ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ፣ እና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት። በ2025 በ88 ዓመቱ አረፈ፤ ዜናውን ያነበብኩ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እንባዬ መጣ።

የተበደሩት አንቲቦዲ ግን አይቆይም። አይ-ጂ-ጂ በ3 ሳምንት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚያመርተው ሕዋስ አብሮ አልመጣማ። እናት በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሷ የምትሰጠውም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የሚወለደው የእናቱን የሕይወት ዘመን ልምድ ደሙ ውስጥ ይዞ ነው፤ ከወራት በኋላ ግን ያልቃል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ወይም በ12 ወር እንጂ እንደተወለደ የማይሰጠውም ስለዚህ ነው፤ ቀድሞ ቢሰጥ የእናቱ አንቲቦዲ ክትባቱን ራሱን ይይዘውና ልጁ ሳይማር ይቀራል። ወላጆች «ለምን አዘገያችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ይህ ቢነገራቸው ቀጠሮውን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። «ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ጸሐፊውን «የትኛውን? ለምን በሽታ? በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ መልስ ከሌለው አታውጡት። አንቲቦዲና አንቲባዮቲክን ለዩልን። ከተቻለ ደግሞ አንድ ቀን የላብራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ ያሉትን አይ-ጂ-ኤም እና አይ-ጂ-ጂ የሚሉትን ፊደላት የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አውጡ፤ እኔም ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ።

እህቴ በሰላም ተገላገለች። ልጅቷ አሁን አምስት ወሯ ነው። ከእናቷ የወሰደችው እያለቀባት ነው፤ የራሷን መሥራት ጀምራለች። የወሰደቻቸው ክትባቶች ካርዷ ላይ ተመዝግበዋል፤ የኩፍኙ ገና አራት ወር ይቀረዋል። ቀኑን እኔም እህቴም ስልካችን ላይ መዝግበነዋል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ